«ሰው የለኝም» - ከመጻጉዕ ስለ መታመን የምንማረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እናት ቤተ ክርስቲያናችን የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም በስምንት ሳምንታት ከፍላ ለእያንዳንዱ ስም ሰጥታዋለች። እነዚህም ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሣዕና ናቸው። ስያሜዎቹ የሊቁን የቅዱስ ያሬድን ጾመ ድጓ የተከተሉ ናቸው፤ ሁሉም የየራሳቸው ትምህርት አላቸው። ወደ ጾሙ እኩሌታ ስንቃረብ፣ ጉልበት ደከም ልብም ዛል ማለት ሲጀምር የምናገኘው ሰንበት መጻጉዕ ይባላል። መጻጉዕ የሰውየው መጠሪያ ስም አይደለም። ሕመምተኛ፣ ደዌ የጸናበት ማለት ነው። ስሙን ወንጌል አልነገረንም። ምናልባት እያንዳንዳችን የራሳችንን ስም በዚያ ቦታ እንድናስገባበት ይሆናል።

በዚህ ሳምንት ከዚህ ሕመምተኛ ታሪክ ተነሥተን አንድ ነገር እንማራለን። ይኸውም በፍጹም ልብ በእግዚአብሔር መታመን ማለት በዕለት ተዕለት ኑሯችን ምን ማለት እንደሆነ ነው።

፩. በጠበሉ ዳር የተኛው ሰው

ታሪኩ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከቁጥር 1 ጀምሮ ተጽፏል። በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ ቤተ ሳይዳ የምትባል መጠመቂያ ነበረች። አምስት መመላለሻዎችም ነበሯት። ይህ ቦታ ዛሬም አለ። በኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ ውስጥ ከቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጀመረ ቁፋሮ ሁለት ትላልቅ የውኃ መጠራቀሚያዎች ተገኝተዋል። ብዙዎች እንደሚያስረዱት አራቱ መመላለሻዎች ዙሪያውን፣ አምስተኛው ደግሞ በሁለቱ መካከል ነበር። ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ አባቶችና እናቶች ቦታውን አይተውት ይሆናል።

በእነዚያ መመላለሻዎች ዕውሮች፣ አንካሶች፣ ሰውነታቸው የሰለለ ብዙ ድውያን ተኝተው ውኃው እስኪናወጥ ይጠብቁ ነበር። መልአክ ወርዶ ውኃውን ሲያናውጠው ቀድሞ የገባው አንዱ ይድናል። ልብ በሉ፤ የሚድነው ቀድሞ የገባው ነው። እንግዲህ አስቡት። መሮጥ የሚችል ይቀድማል፤ ወንድም፣ ልጅ፣ አሽከር ያለው ይቀድማል። ጨርሶ መንቀሳቀስ የማይችለው ግን፣ ከሁሉ ይልቅ ድኅነት የሚያስፈልገው እርሱ፣ ሁልጊዜ ኋለኛ ነው። ይህ ሕመምተኛ በደዌው 38 ዓመት ቆይቷል። 38 ዓመት የአንድ ጎልማሳ ዕድሜ ነው። በሕፃንነት ያያቸው ልጆች አድገው፣ ወልደው፣ ልጅ ድረው እርሱ ግን ያው አልጋው ላይ ነው።

ጌታችን ወደ እርሱ ቀርቦ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። አሁን ይህ ምን ጥያቄ ነው? 38 ዓመት የታመመ ሰው መዳን የማይፈልግ ይመስል! ነገር ግን መልሱን ስሙት። «አዎን፣ እፈልጋለሁ» አላለም። ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። ጥያቄው ስለ መዳን ነበር፤ መልሱ ግን ስለ ሰው ሆነ። የሰማይና የምድር ፈጣሪ በፊቱ ቆሞ ሳለ የእርሱ ዓይን ግን ገና የሚሸከመውን ሰው ይፈልግ ነበር።

፪. የእኛስ «ሰው የለኝም»?

ውድ ምእመናን፤ ይህ ንግግር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየቀኑ የምንናገረው ነው። ወጣቱ ትምህርቱን ጨርሶ ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ «ምን ይደረግ፣ ሰው የለኝም» ይላል። አንዷ እናት ለጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤት ሄዳ «ነገ ነይ» ስትባል ከርማ «ሰው ያለው ጉዳዩን በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ እኔ ሰው የለኝም» ብላ ታለቅሳለች። ኪራይ የተጨመረበት አባወራ ውጭ ሀገር ገንዘብ የሚልክ ወንድም ስለሌለው ሰው እንደሌለው ይቆጥራል። በስደት ያለውም የመኖሪያ ወረቀቱን ሲጠብቅ እንዲሁ ይላል።

እነዚህ ሰዎች ውሸት አልተናገሩም። መጻጉዕም አልዋሸም። በእርግጥ ሰው አልነበረውም። ቤተ ክርስቲያን «ሰው አያስፈልግም» ብላ አታስተምርም። አባቶቻችንም ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ብለዋል። ችግሩ ያለው ሰው መፈለጋችን ላይ ሳይሆን ሰውየው ከሌለ ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎ መታየቱ ላይ ነው። በልባችን ውስጥ የመጨረሻው ቃል የማን ነው? የእግዚአብሔር ነው ወይስ የኃላፊው? እንግዲህ የመታመን ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ጌታችን ሰውየውን ወደ ውኃው አልተሸከመውም። ወረፋም አላስያዘለትም። ተነሥቶ አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ በቃሉ አዘዘው፤ እርሱም ወዲያው ዳነ። እግዚአብሔር በውኃ ይሠራል፤ በሰው ይሠራል፤ ያለ ውኃና ያለ ሰውም ይሠራል። መንገዱ አንድ ብቻ ነው ብለን የምንጨነቀው እኛ ነን።

፫. ማመንና መታመን

በቋንቋችን «ማመን» እና «መታመን» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉን። ሥራቸው አንድ ሲሆን ጥልቀታቸው ይለያያል። ማመን እግዚአብሔር እንዳለ፣ ሁሉን እንደሚችል መቀበል ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ እንደሚያስረዳን ይህንንስ አጋንንትም ያምናሉ፤ ይንቀጠቀጡማል (ያዕ. 2፥19)። መታመን ግን ክብደትን መጣል ነው። ወንበር ሰው እንደሚችል ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ደክሞን ስንመጣ መላ ሰውነታችንን ጥለን መቀመጥ ሌላ ነው።

ደግሞም «መታመን» ሌላ ትርጉም አለው። ታማኝ መሆን ማለት ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ምሥጢር ይዟል። በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው እርሱ ራሱ የታመነ ይሆናል። እንጀራዬን የሚሰጠኝ እግዚአብሔር ነው ብሎ በእውነት የተቀበለ ነጋዴ ሚዛን አይቀሽብም፤ በርበሬው ውስጥ ሸክላ ፈጭቶ አይጨምርም፤ ቅቤውን በባዕድ ነገር አይደልዝም። ለምን? ያቺ የተሰረቀች ሩብ ኪሎ ልጆቹን እንደማታሳድግ ያውቃልና። ሚዛን የሚቀሽበው ሰው ግን በአፉ «እግዚአብሔር ያውቃል» ቢልም በእጁ የሚናገረው ሌላ ነው። «እግዚአብሔር አይበቃኝም፤ ትንሽ ልጨምርበት» እያለ ነው። ስለዚህ የመታመናችን መለኪያ በቤተ ክርስቲያን የምናፈስሰው ዕንባ ብቻ አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት በሱቃችን፣ በቢሯችን፣ በታክሲያችን ውስጥ የምንሠራው ሥራ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የምናከብረው ገብር ኄር የታመነውን አገልጋይ የሚያስታውሰንም ለዚህ ነው።

፬. መታመን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም

አንዳንድ ሰው «በእግዚአብሔር ታምኛለሁ» ሲል ሥራውን ያቆማል፤ ተማሪው ማጥናት ይተዋል፤ ታማሚው መድኃኒቱን ይጥላል። ይህ መታመን ሳይሆን እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። መጻጉዕ ከዳነ በኋላ እንኳ አልጋውን ራሱ እንዲሸከም ታዟል። የዳነው በጌታ ቃል ነው፤ የተሸከመው ግን በራሱ ትከሻ ነው።

በተለይ ስለ ሕክምና ብዙ ወገኖቻችን ይቸገራሉ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እርሱ እንደሆነ ያስተምራል። የታመመ ሰው አስቀድሞ እንዲጸልይ፣ ከኃጢአቱ እንዲመለስ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ቦታ እንዲሰጥ ይመክራል። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ብዙ ምእመናን «ጠበል ከገባሁ መድኃኒቱን ልተው ወይ?» ብለው ሲጨነቁ፣ በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በይፋ አስተምረዋል። ስለዚህ «መድኃኒትህን ጣል» የሚል ድምፅ ስንሰማ ከአባቶች ትምህርት ጋር እናመሳክረው።

በሌላ በኩል ደግሞ የይሁዳ ንጉሥ አሳን እናስታውስ። አሳ በወጣትነቱ እጅግ ብዙ ሠራዊት ሲመጣበት ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ድልም አደረገ (2ኛ ዜና 14)። ዓመታት አለፉና ከእስራኤል ንጉሥ ጋር ሲጣላ ግን ከቤተ መቅደስ ብርና ወርቅ አውጥቶ ለሶርያ ንጉሥ ላከ። ዘዴው ለጊዜው ሠራለት። ባለ ራእዩ አናኒ መጥቶ ሲገሥጸው ግን ተቆጥቶ እስር ቤት አገባው። በነገሠ በ39ኛው ዓመት እግሩን ታመመ፤ ያን ጊዜም ባለ መድኃኒቶችን ፈለገ እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም (2ኛ ዜና 16)። የአሳ ጥፋት ሐኪም መጥራቱ አልነበረም። ሐኪሙን ጠርቶ እግዚአብሔርን መርሳቱ ነበር። ደግሞም አንድ ጊዜ በእግዚአብሔር የታመነ ሰው ሁልጊዜ ታምኖ ይኖራል ማለት እንዳልሆነ ያሳየናል። መታመን በየዕለቱ ይታደሳል፤ ትናንት የበላነው እንጀራ ለዛሬ እንደማይበቃን ሁሉ።

፭. በሁለት ዛፍ ላይ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ አባቶች። በፍጹም ልብ የሚለው ቃል የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሰን ማታ ጠንቋይ ቤት የምንሄድ ከሆነ፣ በአንገታችን ማተብ አስረን በኪሳችን የመተት ክታብ የምንይዝ ከሆነ፣ ልጃችን ጠበል እየተጠመቀ እኛ «ለማንኛውም» ብለን ኮከብ የምናስቆጥር ከሆነ፣ ልባችን ተከፍሏል። «ለማንኛውም» የምትለዋ ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን «እግዚአብሔር ባይችልስ?» ማለት ናት።

ጉቦም እንዲሁ ነው። «ሻይ በል» ብሎ የሰጠ ሰው ጉዳዩ ቶሎ ያልቅለታል። ነገር ግን በዚያ ጉዳይ ወደ ኋላ የተገፋው ማነው? በጠበሉ ዳር እንደ መጻጉዕ የተኛው፣ ሰው የሌለው ድሃ ነው። እኛ «ሰው አለኝ» ብለን ስንቀድም ሌላውን «ሰው የለኝም» እንዲል እያደረግነው ነው።

ስለትም ቢሆን እንመርምረው። ስለት መልካም ነው፤ የሳሙኤል እናት ሐናም ተስላለች። ነገር ግን አንዳንዶቻችን ስለትን እንደ ንግድ ውል እንይዘዋለን። «ይህን ካደረግህልኝ ይህን አመጣለሁ፤ ካላደረግህልኝ ግን…» ብለን በልባችን የምንጨርሰው ነገር አለ። ልጅ ከአባቱ ጋር እንዲህ አይነጋገርም።

፮. የለመንነው ባይሆንስ?

ይህ ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ስለሆነ ልናልፈው አይገባም። በዚያች ቀን በቤተ ሳይዳ ብዙ ድውያን ተኝተው ነበር። ወንጌል የነገረን የአንዱን ድኅነት ነው። ከእኛም መካከል ጾሞ፣ ጸልዮ፣ ጠበል ተጠምቆ፣ ሐኪም ዘንድም ሄዶ ልጁን የቀበረ አለ። እንዲህ ላለው ሰው «እምነትህ ጎድሎ ነው» ማለት ታላቅ ጭካኔ ነው። የኢዮብ ወዳጆች የተገሠጹት በዚህ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ። መውጊያው አልተወገደም፤ የሚሸከምበት ጸጋ ግን ተሰጠው (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። እምነቱ ጎድሎ ነበር የሚል ማን ነው?

ሠለስቱ ደቂቅ፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል፣ በእሳቱ ፊት ቆመው አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ለንጉሡ መሰከሩ። በዚያ ግን አላበቁም። ባያድናቸው እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ጨምረው ነገሩት (ዳን. 3፥17-18)። በፍጹም ልብ መታመን ማለት ይህ ነው። የእነርሱ መታመን በውጤቱ ላይ አልተንጠለጠለም። መልአኩን ያዩት እሳቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ እንጂ ከመግባታቸው በፊት አልነበረም።

ስለዚህ ያዘናችሁ ሁሉ፤ ማልቀሳችሁ አለማመን አይደለም። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ወደ እርሱ እያለቀሱ መቅረብም መታመን ነው። ከእርሱ ፊት መሸሽ ግን ኀዘኑን ያለ አጽናኝ ያስቀረዋል።

፯. ከተደረገልን በኋላ

ሌላም ፈተና አለ፤ እርሱም የለመንነው ሲሆን የሚመጣ ነው። መጻጉዕ ከዳነ በኋላ ያዳነው ማን እንደሆነ እንኳ አላወቀም ነበር። ጌታችን በኋላ በመቅደስ አገኘውና ከዚህ የባሰ እንዳይደርስበት ደግሞ እንዳይበድል አስጠነቀቀው። የቤተ ክርስቲያናችን መተርጉማን እንደሚያስተምሩት ይህ ሰው ማስጠንቀቂያውን አልጠበቀም። በሊቀ ካህናቱ ፊት ጌታችንን በጥፊ የመታው እርሱ ነው ይላሉ። ሰልላ የነበረችውን እጅ ያዳነላትን ፊት መታችበት! ያስደነግጣል።

እኛስ? ሥራ ስናጣ በየዕለቱ ኪዳን የምናደርስ ነበርን፤ ሥራ ስናገኝ «ጊዜ የለኝም» አልን። ልጅ ስንለምን ደጀ ሰላም የማንጠፋ ነበርን፤ ልጁ ሲወለድ ክርስትና ካነሣን ወዲህ አልታየንም። ሰው በችግሩ ጊዜ በእግዚአብሔር ቢታመን ብዙም አይደንቅም፤ ሌላ የሚይዘው የለውምና። ደመወዙ ሲጨምር፣ ቤቱ ሲሞላ በእግዚአብሔር የሚታመን ግን እርሱ በእውነት ታምኗል።

፰. እንግዲህ በዚህ ጾም ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው፣ ጾማችንን የመታመን ልምምድ እናድርገው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንቆይ ሆዳችን «አልችልም፣ እወድቃለሁ» ይለናል። ነገር ግን አንወድቅም። ሰው በእንጀራ ብቻ እንደማይኖር ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ ያስተማረውን በሥጋችን እየተማርን ነው። በምሳ ሰዓት የምንሻገራት ያቺ ትንሽ ረኀብ ነገ ለሚመጣው ትልቅ ጭንቀት ታዘጋጀናለች። የታመመ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ መድኃኒት የሚወስድ ግን የንስሐ አባቱን አማክሮ በተፈቀደለት መጠን ይጹም።

ሁለተኛ፣ ጠዋት ከቤታችን ሳንወጣ የዕለቱን ጉዳያችንን ስም እየጠራን ለእግዚአብሔር እንንገረው። ኪራዩን፣ ፈተናውን፣ የሐኪሙን ቀጠሮ፣ አለቃችንን ሁሉ። ከዚያ መስቀል ተሳልመን ሥራችንን በትጋት እንሥራ። ማታ ደግሞ የሆነውንም ያልሆነውንም ይዘን ተመልሰን እናመስግን።

ሦስተኛ፣ ልባችንን የከፈለውን ነገር ወደ ንስሐ አባታችን እናቅርብ። ክታቡን፣ ጉቦውን፣ የተቀሸበውን ሚዛን። ንስሐ ያልገባንበት ነገር ሁልጊዜ «ለማንኛውም» እያለ ከጎናችን ይቆማል።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ለአንድ ሰው «ሰው» እንሁንለት። ጌታችን ወደ ቤተ ሳይዳ ሲሄድ ከሁሉ ይልቅ ወገን የሌለውን መረጠ። እኛም በሰፈራችን ሰው የሌለው ማን እንደሆነ እናውቃለን። በሆስፒታል ጠያቂ የሌለው ታካሚ አለ። ስንቅ የማይገባለት እስረኛ አለ። በቤታችን የምታገለግለን፣ ወላጆቿ ሩቅ ያሉ እህት አለች፤ ብትታመም የሚያስታምማት ማነው? ቢሮ ውስጥ የምንሠራ ደግሞ ያለ ዘመድና ያለ ሻይ የመጣችዋን ባለጉዳይ በወረፋዋ እናስተናግዳት። ጉዳይዋ ሲያልቅላት «ዛሬስ እግዚአብሔር ሰው ሰጠኝ» ብላ ትመለሳለች። በጾም የተረፈንን የቁርስና የምሳ ወጪ ለእንዲህ ያለው እናውለው። በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው እጁ አይጨበጥም፤ ነገን የያዘለት አለና።

ወገኖቼ፤ ሰው ላይኖረን ይችላል። አምላካችን ግን ስለ እኛ ሰው ሆኗል። ከሰማይ ወርዶ፣ ሥጋችንን ለብሶ፣ እኛ ወደ እርሱ መሄድ ቢያቅተን እርሱ ወደ ተኛንበት መጥቷል። ከእንግዲህ «ሰው የለኝም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ለክርስቲያን አይገባም።

በፍጹም ልባችን እንድንታመንበት፣ የታመንንም ሆነን እንድንገኝ አምላካችን ይርዳን። የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን። ጾሙን የበረከት፣ የንስሐና የሥርየት ጾም ያድርግልን። ለብርሃነ ትንሣኤውም በሰላም ያድርሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።